የገና መልእክቴ፦ ስለ 555ቱ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ጾሙን ፈታችሁ የተቀመጣችሁም፣ ገና ሽንኩርት ላይ ያላችሁም፣ እንደኔ ዓውደ ዓመቱ የሥራ ቀን ሆኖባችሁ ከሌሊት ፈረቃ ገብታችሁ ዶሮ የምትገነጥሉም፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። የወጡን ፎቶ የምትጠብቁ ይቅር በሉኝ፤ ገና ቁሌት ላይ ነኝ። ሽንኩርቱ እስኪበስል ግን ወሬ አለኝ፤ ስለ ልጄና ስለ አንዲት የሶፍትቦል አሰልጣኝ።

ሚሺጋን ዛሬ በረዶው ጉልበት ይደርሳል። ቤቱ ዝም ብሏል፤ የሚሰማው የሽንኩርቱ ድምፅና ከጋራዡ የሚመጣው "ጧ!" ብቻ ነው። ትንሽ ዝም፣ ከዚያ እንደገና "ጧ!" ልጄ ናት። መረብ ወጥራ ኳስ ትመታለች። ካፖርት ለብሳ ነው የምትመታው፤ ጋራዡ ማሞቂያ የለውም።

ይህ ድምፅ ወዴት እንደሚወስደኝ ታውቃላችሁ? ያደግሁት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ገና ሲቃረብ ወንዶቹ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ፍለጋ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ይዞራሉ። የበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተብሎ ይከፈላል፤ ሩሯ መሐል ትወረወራለች፤ ከዚያ በኋላ ማን የማን ቅልጥም እንደሚመታ አይታወቅም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፣ ይባል የለ? ጌታው አይቆጣም፤ አያቴ ግን ተቆጡ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሩሯ ከሜዳው ወጥታ እግሬ ሥር ቆመች። የወንድሜን ዱላ ከእጁ ነጠቅሁና ባለ በሌለ ኃይሌ መታኋት። እግዜር ያሳያችሁ፣ የማርያም ቤተ ክርስቲያንን አጥር አልፋ ሄደች! ወንዶቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አያቴ ከወዲያ ሆነው፣ "አንቺ! ጠላውን ማን ይቅዳ?" አሉ። ዱላውን መለስኩ፣ ጠላውን ቀዳሁ።

አሁን ወደ ሶፍትቦል ልምጣ። ለማታውቁት፣ የቤዝቦል እህት ናት። ኳሷ ከቤዝቦሉ ኳስ ተለቅ ትላለች፤ ወርዋሪዋ ክንዷን እንደ መንኮራኩር አዙራ ከታች በኩል ትለቃታለች፤ ጨዋታው ሰባት ዙር ነው። "ሶፍት" ማለት ለስላሳ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር ልጄን ያስመዘገብኳት። ስሙን ያወጣው ሰው ግን ጭኑን ተመትቶ አያውቅም። የልጄ ጭን በርበሬ የወደቀበት ነጠላ መስሎ ሳየው ላስወጣት አስቤ ነበር። እሷ ግን ከሰው ጋር ሰላም እንኳን ሳትባባል ቁስሏን ለጓደኞቿ ታሳያለች።

ስምንት ዓመት ሲሆናት አንዲት ጎረቤታችን ትኬት ሰጥታን አን አርበር ሄድን፤ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሴቶች የሚጫወቱበት አሉምናይ ፊልድ የሚባል ሜዳ። ሚያዝያ ነበር፤ ብርድ ልብስ ተከናንበን ነው ያየነው። ልጄ ተጫዋቾቹን ስታይ እኔ ዓይኔን የጣልኩት አንዲት ሴትዮ ላይ ነበር። ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች። አትጮኽም፣ አትቀመጥም። መቺዋ ልጅ ስትወጣ በጆሮዋ አንድ ነገር ትላታለች፣ ተመልሳ ክንዷን ታጣጥፋለች። የቡድኑ አሰልጣኝ ነበረች፤ ካሮል ሀቺንስ ትባላለች። አንቱ ልበላት አንቺ ልበላት ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ተጫዋቾቿ ባጭሩ "ሀች" እንደሚሏት ስሰማ ተውኩት፤ አንቺ ብያለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለሷ ያላነበብኩት የለም ማለት ይቻላል። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።

ሀች የላንሲንግ ልጅ ናት፤ በ1957 የተወለደች። በ1976፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ ለሴቶች ስፖርት ደንታ ባልነበረው ጊዜ፣ ሴቶቹ በራሳቸው ማኅበር ሥር ባዘጋጁት የሶፍትቦል የአገር ዋንጫ ሚሺጋን ስቴት የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ሲያሸንፍ ሜዳው ውስጥ ነበረች። ቅርጫት ኳስም ትጫወት ነበር። የወንዶቹ ቅርጫት ኳስ ቡድን የሚበላው፣ የሚያድርበትና የሚጓዝበት ከሴቶቹ እጅግ ይለይ ነበር። በ1979 እሷና ጓደኞቿ የገዛ ዩኒቨርሲቲያቸውን ፍርድ ቤት አቆሙት። በዚያው ዓመት ደግሞ የወንዶቹ ቡድን ማጂክ ጆንሰንን ይዞ የአገሩን ዋንጫ በላ። እስቲ አስቡት፤ ከተማው በሙሉ እየጨፈረ እናንተ በጎን "የእኛስ ምሳ?" ትላላችሁ። ክሱ ለዓመታት ሲጎተት እሷ ተመርቃ ወጥታለች። የተከራከረችበትን ምሳ አልበላችውም ማለት ነው።

ይህችን ቦታ ልጄ ደጋግማ ታስነግረኛለች። እኔ ግን ወደ ሌላው እቸኩላለሁ።

በ1982 ፌሪስ ስቴት በሚባል ትንሽ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት አሰልጥና፣ በ1983 ለሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ምክትል አሰልጣኝ ሆና ገባች፤ በ1985 ዋና አሰልጣኝ ሆነች። የዛሬውን ስታዲየም አይታችሁ እንዳትሳሳቱ፤ በዚያን ጊዜ አሰልጣኟ ራሷ መሰቅሰቂያ ይዛ ሜዳውን ታስተካክል ነበር። ዋና አሰልጣኝ ሆና እስከ 2022 ቆየች። 38 የውድድር ዓመት፣ አንድ ቦታ። ከነዚህ ውስጥ ሽንፈቱ ከድሉ የበለጠበት አንድም የለም። ቢግ ቴን በሚባለው የአካባቢው ሊግ 22 ጊዜ አንደኛ ወጣች። በ2022 ነሐሴ ላይ በቃኝ ስትል 1,707 ጨዋታ አሸንፋ ነበር፤ በኤንሲኤኤ ሶፍትቦል ታሪክ በጊዜው ያንን ያህል ያሸነፈ አሰልጣኝ አልነበረም። ቦታዋን የያዘችው ቦኒ ቶል ድሮ ተጫዋቿ፣ ኋላም ለረጅም ዓመታት ምክትሏ የነበረች ናት።

"የአገር ዋንጫስ?" ትሉኛላችሁ። አንድ።

የኦክላሆማዋ ፓቲ ጋሶ እስከ 2024 ስምንት ወስዳለች፣ የመጨረሻዎቹን አራቱን በተከታታይ። የአሪዞናው ማይክ ካንድሪያም ስምንት። ታዲያ ስምንት ያላቸው እያሉ ባለ አንዷን ለምን አመጣሽብን ካላችሁ፣ ምክንያቱ በረዶው ነው። መስኮቴን እያየሁ ልንገራችሁ። አሪዞና ያለች ልጅ በጥር ሜዳ ላይ ናት። የሚሺጋኗ ልጅ አዳራሽ ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር፣ ምንጣፍ ላይ ትለማመዳለች። የውድድሩ ጊዜ በየካቲት ሲከፈት አውሮፕላን ተሳፍራ ፀሐይ ያለበት አገር ሄዳ በሰው ሜዳ ትጫወታለች፤ የራሷን ሜዳ የምታየው በረዶው ሲለቅ ነው። የኤንሲኤኤ ዋንጫ በ1982 ከተጀመረ ጀምሮ ከሚሲሲፒ ወንዝ ምሥራቅ ያለ አንድም ዩኒቨርሲቲ ሳይበላው 20 ዓመት አልፎ ነበር።

ሀች ከ1995 እስከ 2004 ድረስ ወደ ፍጻሜው ውድድር ሰባት ጊዜ ሄደች። ሰባቱንም ባዶ እጇን ተመለሰች። በ2005 ስምንተኛዋን ሄደች፤ ከመጨረሻዎቹ ሁለት አንዱ ሆነው ከዩሲኤልኤ ጋር ተገናኙ። የመጀመሪያውን ጨዋታ 5 ለ 0 ተሸነፉ። ከዚያ በፊት የነበረው ሕግ ቢሆን እዚያው አልቆ ነበር፤ ከሦስት ጨዋታ ሁለት ያሸነፈ ይወስዳል የሚለው የተጀመረው ግን ልክ በዚያ ዓመት ነው። ሁለተኛውን 5 ለ 2 አሸነፉ። ሦስተኛው 1 ለ 1 ሆኖ ሰባቱ ዙር አለቀ። ስምንት፣ ዘጠኝ። በአሥረኛው ዙር ሁለት ልጆች ቤዝ ላይ (ነጥብ ለማስቆጠር ሮጠው የሚቆሙበት ማረፊያ) እያሉ ሳማንታ ፊንድሌይ የምትባል የአንደኛ ዓመት ተማሪ መጣች። መታቻት፤ ኳሷ አጥር አለፈች፤ ሦስቱም ልጆች ነጥብ ሆኑ። 4 ለ 1።

አጥር አለፈች ስል የማርያምን አጥር እንዳስታወስኩ መቼም ገብቷችኋል።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተመልሳ ሄደች፤ በ2015 ፍሎሪዳ መጨረሻው ጨዋታ ላይ ቀማቻት። ሌላ ዋንጫ የለም። 12 ጊዜ ሄዳ አንድ።

አሁን ይህን ሁሉ ለምን በበዓል ቀን እንዳወራሁ ልናገር። ባለፈው መኸር ልጄ ከአንድ ቡድን ተቆረጠች። የት እንደሆነ ይቅር። ሦስት ቀን ፈተኗቸው፤ በአራተኛው ቀን ስም ዝርዝር ወጣ። ከላይ ወደ ታች አነበበች፣ ከታች ወደ ላይ አነበበች፣ ከዚያ መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል የለም። እኔም አፌ አመጣሁ አላመጣሁ እያልኩ "እግዚአብሔር ያላለው ነው" አልኳት። በመስኮት ነበር የምታየው። "እማ፣ እግዚአብሔር አይደለም፣ ወገቤን ቶሎ ስለማልዞር ነው" አለችኝ። ዝም አልኩ፤ ምን ልበላት?

ያን ዕለት ማታ ነው የሀችን ቁጥር እንደገና ያየሁት። ሁሉም ሰው 1,707ቱን ይጽፋል። ከጎኑ ግን ሌላ ቁጥር አለ፦ 555። የተሸነፈችው። ካልኩሌተር አወጣሁ፤ እዚያ ትንሹ ዩኒቨርሲቲ ያሳለፈችውን ዓመት ጨምሬ አካፈልኩት፤ በዓመት 14 ግድም ይመጣል። ይህ እንግዲህ በታሪክ ብዙ ካሸነፉት አንደኛዋ ናት! በየዓመቱ ከየካቲት እስከ ግንቦት 14 ጊዜ አንገት ደፍቶ አውቶቡስ ውስጥ መግባት። 14 ጊዜ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ከኋላ የልጆች ዝምታ መስማት። ዝምታውን እኔ በአንድ ልጅ አይቼዋለሁ፤ እሷ በሃያ ልጅ፣ 38 ዓመት። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ምን ትላቸው እንደነበር ባውቅ ደስ ባለኝ። ምናልባት "ወገብሽን ቶሎ አዙሪ" ይሆናል።

ቁጥሩን ለልጄ አሳየኋት። አየችው፣ ትከሻዋን ነቀነቀች፣ "እሺ" አለች። መጽናኛ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን የአጎቷን አሮጌ የዓሣ መረብ ጋራዥ ውስጥ ሚስማር ላይ ስትሰቅል አገኘኋት። ምን ያህል ከቁጥሩ፣ ምን ያህል ከንዴቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ዛሬ ጠዋት አክስቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች። እንኳን አደረሰሽ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ጤና፣ ላሞቹ፣ የዶሮ ዋጋ ሰማይ ነክቷል፤ ከዚያ የማይቀረው ጥያቄ፦ "ልጅቷስ ምን ላይ ደረሰች?" ሌላ ጊዜ ቢሆን ነጥቧን እቆጥር ነበር፣ ሐኪም ልትሆን ነው እል ነበር። ስልኩን ወደ ጋራዡ በር አስጠጋሁት። "ጧ!" "ምንድን ነው እሱ? እንጨት ትፈልጣለች እንዴ?" አለችኝ። "ገና እየተጫወተች ነው" አልኳት። ሳቋን ብትሰሟት! "አያትሽ ይህን ሳይሰሙ መሞታቸው ደግ" አለች፤ ቀጥላም ቀስ ብላ፣ "ለመሆኑ ትመታለች?" ብላ ጠየቀችኝ።

ይህን እየጻፍኩ ማማሰያውን እንደያዝኩ ወደ ጋራዡ ብቅ አልኩ። ልጄ እጇ ቀልቷል፤ ትንፋሿ ይጨሳል። "ነይ ሞክሪ" አለችኝ። ማማሰያውን ተቀብላ ሳጥን ላይ አስቀመጠችው፣ በትሩን ሰጠችኝ። ከባድ ነው፤ የገና ዱላ አይደለም። ሽርጤን እንደታጠቅሁ ቆምኩ። ከታች በኩል ቀስ አድርጋ ወረወረችልኝ። ሳትኩ። ሳቀች። ደገመችልኝ፤ ሳትኩ። "እማ፣ ወገብሽ!" አለች። ሦስተኛዋን አገኘኋት፤ መረቡን ስታ የማጠቢያውን ዱቄት ካርቶን መታች፤ ዱቄቱ እንደ ደጁ በረዶ ተበተነ።

የሚያር ነገር ሸተተኝ፤ ሽንኩርቱ ነው። መልካም በዓል ወዳጆቼ፣ ልሩጥ።