ሰባት ከተማ በአሥራ አንድ ቀን

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አነስተኛ የጉዞ ወኪል ቢሮ የእስያ ጉዞዎችን የምይዘው እኔ ነኝ። ቀደም ሲል ደንበኞቼ በአብዛኛው ለንግድ ወደ ባንኮክና ጓንዡ የሚመላለሱ ነበሩ። ለሽርሽር ዋጋው የማይከብድ የእስያ አገር የሚጠይቁ ሰዎች ሲበዙ ቬትናምን ማጥናት ጀመርኩ። አገሪቱ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም አገር ዜጎች የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ትሰጣለች፤ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ክፍያው 25 ዶላር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወደ ሃኖይ መብረር ከጀመረ ወዲህ ጠያቂው ጨምሯል። እኔ የምነግራችሁ ግን ከዚያ በፊት የሆነውን ነው።

በጡረታ ላይ ያሉ አንዲት ነርስ መጡ። አሜሪካ የምትኖረው ልጃቸው ሃኖይ ላይ ልታገኛቸው ተስማምተዋል። «ልጄ፣ ገንዘባችን ብዙ አይደለም፤ ግን የሚታየውን ሁሉ አሳየን» አሉኝ። «የሚታየውን ሁሉ» የሚለውን ቃል እንዳለ ወሰድኩት። በቬትናም ጥሩ የሩዝ ኑድል ሾርባ በሁለት ዶላር ገደማ ይበላል፣ አልጋውም ርካሽ ነው። አንድ ከተማ በጨመርኩ ቁጥር የጠቅላላው ዋጋ ብዙም አልተነቃነቀም። ስለዚህ ጨመርኩ፤ ሃኖይ፣ ሃሎንግ፣ ሳፓ፣ ለግማሽ ቀን ኒን ቢን፣ ሆይ አን፣ ሁዌ፣ በመጨረሻም ሆ ቺ ሚን ከተማ። ሰባት ቦታ በአሥራ አንድ ቀን፣ በወርኃ ጥቅምት።

ጥቅምት ስል በሐሳቤ ያለው የአዲስ አበባ ጥቅምት ነበር፦ ዝናቡ ያባራበት፣ ሰማዩ የጠራበት፣ አደይ አበባው ገና ከሜዳው ያልጠፋበት። ሌላ ሰማይ መኖሩን አላሰብኩም።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ እዚያ ነግቷል። ልጅቷ ነበረች። ቱ ቦን ወንዝ ሞልቶ የሆይ አን አሮጌው ከተማ ውኃ ውስጥ ነው። እንግዶቹ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተዋል፣ በመንገዱ ላይ ጀልባ እየተቀዘፈ ነው። እናቷ ጫማቸውን በፌስታል ቋጥረው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ወዲያው አንድ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። ከደረጃው ሥር ባለው ግድግዳ ላይ አግድም መስመሮች ተሰምረዋል፤ በእያንዳንዱ አጠገብ ዓመት ተጽፏል። የቀደሙት ጎርፎች እስከየት እንደደረሱ የቤቱ ባለቤቶች ምልክት የያዙበት ነው። ውኃው ከታችኞቹ መስመሮች ሁለቱን አልፏል።

ሆቴሉ በጀልባ አውጥቷቸው በመኪና ዳ ናንግ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሱ፤ እኔም በረራቸውን አስቀድሜ ወደ ደቡብ ላክኋቸው። ሁዌ፣ እ.ኤ.አ. ከ1802 እስከ 1945 የንጉየን ነገሥታት መዲና የነበረችው ከተማ፣ ከነቤተ መንግሥቷ ቀረች።

ጠዋት አለቃዬ አስጠሩኝ። አልተቆጡም። «ድንገተኛ ዝናብ ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁ። አዎ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አልነበረም። ቬትናም ከሰሜን እስከ ደቡብ 1,650 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትረዝም ቀጭን አገር ናት፣ አየሯም አንድ አይደለም። ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ባሕሩን ተሻግሮ ከምዕራቡ ተራሮች ጋር ሲጋጭ ዝናቡን የሚያወርደው ሆይ አን ባለችበት በመካከለኛው ጠረፍ ላይ ነው፤ የሚብሰውም በፈረንጆቹ ጥቅምትና ኅዳር። ግድግዳው ላይ ያለው ምልክት የሚናገረው ይህንኑ ነው። ቢሮው ያልታደረባቸውን ሌሊቶች ክፍያ መለሰላቸው።

ሴትየዋ ሲመለሱ ቢሮ መጡ። ለቁጣቸው ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን የነገሩኝ ስለ ታም ኮክ ነው፤ ኒን ቢን ውስጥ፣ ወንዙ በኖራ ድንጋይ ተራሮች ሥር በዋሻ እያለፈ የሚሄድበት ቦታ። ቀዛፊዋ ወደ ኋላ ተደግፋ መቅዘፊያውን በእግሯ ትገፋለች፣ በእጇ ጥላ ይዛለች። «ተራራውን እያየሁ እንባዬ መጣ። ወዲያው አስጎብኚው ሰዓት ደርሷል፣ አውቶቡሱ ይጠብቃል አለን። ልጄ፣ ጎርፉን ያመጣው እግዚአብሔር ነው፤ ያንን ቀን ያሳጠርከው ግን አንተ ነህ» አሉኝ።

ጎርፉም የእኔ ጥፋት መሆኑን፣ ወሩን ሳልመረምር እንደላክኋቸው ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ወዲህ በጀት ከመጠየቄ በፊት ወር እጠይቃለሁ። በጥቅምት ለሚሄድ ሰሜኑን ብቻ እሰጣለሁ፦ ሃኖይ፣ ኒን ቢን፣ ሃሎንግ። በጥር ከሆነ ደቡቡንና የሜኮንግን ዴልታ፤ በዚያ ወር ሳፓ ጉም ይውጣታል፣ ከ3,100 ሜትር በላይ የሆነውን ፋንሲፓን ተራራ ሳያዩ የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ሆይ አንንና ፎንግ ኛን ከየካቲት በኋላ አደርጋለሁ። በዓለም ትልቁ የሚባለው ሶን ዱንግ ዋሻ ያለው ፎንግ ኛ ነው፤ እሱን ለማየት ግን ሦስት ሺህ ዶላር ገደማ ስለሚያስከፍል፣ በመጠነኛ ዋጋ የሚገባባቸውን ሌሎቹን ዋሻዎች አሳያለሁ። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙ «ቻይ» የሚለውን ቃል በወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ፤ ሥጋና ዓሣ የሌለበት የቡድሂስቶች ምግብ ማለት ነው፣ በየከተማው አለ።

«ሁዌንም ሳፓንም ጨምርልኝ፣ ርካሽ አይደል?» የሚል ደንበኛ አሁንም ይመጣል። እከራከረዋለሁ። አንዳንዱ ተቆጥቶ ሌላ ቢሮ ይሄዳል።

ሴትየዋ በሚቀጥለው ዓመት ከእህታቸው ጋር ተመለሱ። ለግንቦት መጨረሻ ያዝኩላቸው፤ ሙቀቱ ከባድ እንደሆነ አልደበቅኋቸውም፣ ነገር ግን በታም ኮክ ወንዝ ዳርና ዳር ያለው ሩዝ ቢጫ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ሃኖይ ሦስት ሌሊት፣ ኒን ቢን አራት። ፕሮግራሙ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና «ይህ ቀን ባዶ ነው» ብለው በጣታቸው አሳዩኝ።

«አዎ» አልኳቸው፣ «የጀልባው ነው።»