እጄ ደለልን ከሸክላ መለየት ጀመረ

ባለፈው ሳምንት 20 የአፈር ናሙናዎችን፣ ምንነታቸው ሳይነገረኝ፣ በእጄ ዳስሼ 15ቱን በትክክል ለየሁ። ከአራት ወር በፊት በዚያው ልምምድ ያገኘሁት 6 ብቻ ነበር። ለሌላው ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ትምህርቱን ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ የሁለት ዓመት አሶሺየት ዲግሪ እየተማርኩ ሦስተኛ ሴሚስተር ላይ ደርሻለሁ። የመጀመሪያው በሥነ ምኅዳር፣ በኬሚስትሪና በካርታ ንባብ አለፈ። በሁለተኛው የዛፍና የተዳፋት ልኬት ተማርን፤ የግንድ ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚለካ፣ ዛፉ ተዳፋት ላይ ከቆመም ከፍታው ከላይኛው ወገን እንደሚወሰድ፣ የ45 ዲግሪ ተዳፋት 100 በመቶ መሆኑን። ይህን ማንም በጥቂት ሳምንት ልምምድ ስለሚደርስበት አልቆይበትም።

ያስቸገረኝ አፈር ነው፤ በተለይም በውስጡ ያለውን የአሸዋ፣ የደለልና የሸክላ ምጣኔ በእጅ መገመት። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ከ2 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ያለው ቅንጣት አሸዋ፣ ከዚያ በታች እስከ 0.002 ሚሊ ሜትር ደለል፣ ከዚያ ያነሰው ሸክላ ነው። የሦስቱን መቶኛ የአፈርን ዓይነት በሚያሳየው ሦስት ማዕዘን ሠንጠረዥ ላይ ስታገናኙት ከ12ቱ የአፈር ክፍሎች በአንዱ ላይ ያርፋል። ሠንጠረዡን በቃሌ ይዤ በጽሑፍ ፈተናው ከፍተኛ ውጤት አገኘሁ። መስክ ወጥቼ እርጥብ አፈር ስጨብጥ ግን ያ ሁሉ ቁጥር አልረዳኝም።

ተዳፋቱ 9 በመቶ ለሆነ ማሳ የአፈር ጥበቃ ዕቅድ እንድናዘጋጅ ታዘዝን። አፈሩን አርጥቤ ጨበጥኩት። ጥቁር ነው፤ ጣቴም ላይ ይለጠፋል። «ሸክላማ» ብዬ ጻፍኩ፤ ዕቅዱንም በሙሉ በዚህች ቃል ላይ አቆምኩት። የሸክላ ቅንጣቶች እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚያያዙ ጎርፍ በቀላሉ አይነቅላቸውም ብዬ፣ አፈሩ ለመሸርሸር ያለውን ተጋላጭነት ዝቅ አድርጌ ገመትኩ፤ በእርከኖቹ መካከል ያለውን ርቀትም አሰፋሁ። ከዚያ የቤተ ሙከራው ውጤት መጣ፤ አሸዋ 18፣ ደለል 64፣ ሸክላ 18 በመቶ። ደለል እንደ አሸዋ አይከብድ፣ እንደ ሸክላ አይያያዝ፤ የዝናብ ጠብታ ሲመታው ተበትኖ ከውኃው ጋር ይሄዳል። መምህራችን ወረቀቴን ሲመልሱልኝ «ከዚህ ማሳ ዝናብ አስቀድሞ የሚወስደው አንቺ ሸክላ ያልሽውን ነው» አሉኝ። ከልቤ አዘንኩ። ዕቅዱ ለልምምድ ባይሆን ኖሮ ታጥቦ የሚሄደው የሰው መሬት ነበር።

ስህተቴን ስመረምረው ሦስት ሆኖ አገኘሁት። በመጀመሪያ በቀለም ፈረድኩ፤ ጥቁረቱ ግን የመጣው ከበሰበሰ የዕፅዋት ቅሪት ነበር። ሁለተኛ፣ ውኃ አበዛሁ፤ ከመጠን በላይ የራሰ ደለል ጣት ላይ ሲለጠፍ ሸክላ ይመስላል። ሦስተኛው በሌሎች ናሙናዎች ላይ የሠራሁት ነው፤ ሳላሽ ቸኩዬ እፈርዳለሁ። ደረቅ ሸክላ በደንብ እስኪታሽ ድረስ ጥቃቅን ጓሎቹ እንደ አሸዋ ይቆረቁራሉ። እኔም በዚያ ተታልዬ ሁለት ጊዜ «አሸዋማ» ብያለሁ።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። አንድ እፍኝ የማይሞላ አፈር ወስጄ ውኃውን በጠብታ እየጨመርኩ ሁለት ደቂቃ ያህል በእጄ አሻለሁ፤ እንደ ሊጥ ሆኖ ሲያዝ ውኃ ማከሉን አቆማለሁ። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፋሁ እንደ ጥብጣብ አወጣዋለሁ። 2.5 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተበጠሰ ሸክላው ጥቂት ነው፤ እስከ 5 ከሄደ መካከለኛ፤ 5ን ካለፈ ብዙ። በመጨረሻ ከዚያው ቆንጥሬ መዳፌ ላይ በብዙ ውኃ አሟሙቼ በጣቴ አሻለሁ። አሸዋ ይቆረቁራል፤ ደለል እንደ ራሰ ዱቄት ልስልስ ብሎ ይንሸራተታል። በአንዱና በሌላው ናሙና መካከል እጃችሁን ታጠቡ፤ ጣት ላይ የቀረ የሸክላ ሽፋን ቀጣዩን ያበላሻል።

ይህ አሠራር በየመማሪያ መጽሐፉ አለ፤ እኔን የለወጠኝ ግን ውጤታቸው የታወቀ ናሙናዎች ናቸው። ከቤተ ሙከራ የተረፉ አፈሮችን በትንንሽ ከረጢት ለምኜ ወሰድኩ፤ መቶኛቸውን ከረጢቱ ሥር ጻፍኩ። ጓደኛዬ ታቀብለኛለች፣ እኔ እገምታለሁ፣ እሷ ገልብጣ ታነባለች። እጅ የሚማረው ወዲያው ሲታረም ነው። ቪዲዮ እያዩ ወይም በስልክ መተግበሪያ እየታገዙ አፈር መለየት ይቻላል የሚለውን አልቀበልም፤ መቆርቆርንና ልስላሴን ስክሪን አያሳይም።

ሆኖም እኔን ሙሉ በሙሉ አትከተሉ። በዚህ ተጠምጄ የኮምፒውተር ካርታ ሥራዬን ሦስት ሳምንት አዘግይቻለሁ፤ ነጥብም ተቀንሶብኛል። አምስቱን ናሙናዎችም የሳትኩት ሁሉንም በአንድ ዓይነት ስህተት ነው፤ መካከለኛ ሸክላ ያለው አፈር ደለል ሲበዛበትና ሦስቱ ሲመጣጠኑበት አሁንም ይምታታብኛል። ጥብጣቡ እኩል ይወጣል፤ መዳፌ ላይ ሳሸው ትንሽ ይቆረቁራል፣ ትንሽ ይንሸራተታል፣ መወሰን ያቅተኛል። ሁለቱን በእጅ የምትለዩ ካላችሁ ጣታችሁ ምን እንደሚነግራችሁ ጻፉልኝ። የዚያን ማሳ ዕቅድ እርከኖቹን አቀራርቤ እንደገና እየሠራሁት ነው፤ ከማስረከቤ በፊትም ከላይ፣ ከመሃልና ከታች አፈር ወስጄ በእጄ አሻለሁ።