ኖ

ከጃፓንኛ ትምህርት አሁን መመለሴ ነው። እዚህ ኮቤ ከተማ ሲዘንብ ነው የዋለው፤ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ ተቀመጥኩ፣ ይህ ነገር ሳይጠፋብኝ ልጻፈው ብዬ።

መምህሬ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የቤተሰብ ፎቶ ይዛችሁ ኑ ብለውን ነበር። እኔ ይዤው የመጣሁት አንድ ብቻ ነው፤ እናቴ ወጣት ሳለች ደጃችን ላይ ቆማ። «ቺቺ ኖ ሻሺን ዴስ» አልኳቸው፣ የአባቴ ፎቶ ነው፤ «ኖ» የእነሱ «የ» ናት። ተቀብለውኝ ወደ መብራቱ አስጠግተው አዩትና ግራ ገባቸው። ሴት እንጂ ወንድ የለበትም።

አባቴ ያለበት፣ አባቴ ያነሳው፣ የአባቴ ንብረት የሆነ፤ ሦስቱም «ቺቺ ኖ ሻሺን» ናቸው። ሦስቱም ደግሞ «የአባቴ ፎቶ» ናቸው! ዕድሜዬን ሙሉ «የ» ስል ኖሬ ይህን ልብ ያልኩት ዛሬ፣ በሰው አገር ፊደል ነው።

በሂራጋና፣ ድምፅን በሚጽፈው የጃፓን ፊደል፣ «ኖ» ብዕር ሳይነሳ ትጻፋለች፤ ከላይ መሃል ጀምራ ወደ ግራ ትወርድና ዞራ በቀኝ ታልቃለች። የኛ «የ» ከፊት ትቀድማለች፣ እሷ ከኋላ ትከተላለች። ጽናቷን ወድጄላታለሁ። እኛ «ከአባቴ ቤት» ስንል «ከ» መጥታ «የ»ን ታስለቅቃታለች፤ «ቺቺ ኖ ኢኤ ካራ» ሲሉ ግን «ኖ» ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። ኪኖሺታ በሚለው የቤተሰብ ስም ውስጥም አለች። ትርጉሙ የዛፍ ሥር፣ ከዛፉ በታች ማለት ነው፤ በካንጂ፣ ከቻይና በመጡት የቃል ምልክቶች፣ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት ዛፍና ሥር ብቻ ናቸው፣ «ኖ»ን አንባቢው ከአፉ ይጨምራታል። «አሜ ኖ ፉሩ ሂ» ደግሞ እንደ ዛሬው ዝናብ የሚዘንብበት ቀን ነው፤ እኛ «የ»ን ለመዝነቡ ስንሰጥ እነሱ «ኖ»ን ለዝናቡ ሰጡት።

ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ስትመጣ ግን ሌላ ናት። «ኢኩ?» ትሄጃለሽ? ነው። «ኢኩ ኖ?» ሲሉ ልትሄጂ ነው እንዴ? ይሆናል፤ ጠያቂው አንድ ነገር አይቷል፣ ምክንያቱን ይፈልጋል።

መምህሬም ፎቶውን እንደያዙ ቀስ ብለው «ኦቶሳን ጋ ቶታ ኖ?» አሉኝ። አባትሽ ናቸው ያነሱት? ማለታቸው ነው። «ያነሱት» ላይ ያለችው «ያ»ም ያችው «የ» ናት።

«ሃይ» አልኩ፣ አዎ። እንደገና አዩት፤ ከዚያ ከእናቴ እግር ሥር፣ መሬቱ ላይ የወደቀውን የአንሺውን ጥላ በጣታቸው አሳዩኝ።