ያለ አድልዎ መቅጠር፦ ፖሊሲው አላዳነንም

ድርጅታችን 140 ያህል ሠራተኞች አሉት። የሰው ኃይል ክፍሉን ስረከብ ቅጥራችንን፣ ደመወዛችንንና ስንብታችንን ከአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጋር እንዳስማማ ታዘዝኩ። አብዛኛው ቀላል ነበር። አንዱ ደረጃ፣ ቃለ መጠይቁ፣ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል፤ የምጽፈውም ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ቀላሉን ቶሎ ልበለው። ከማስታወቂያዎቻችን «ዕድሜ ከ35 ያልበለጠ»፣ «ጾታ ወንድ»፣ «ያላገባች» የሚሉትን ሰረዝን። ከማመልከቻ ቅጹ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታና ፎቶግራፍ ወጡ። የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ ከማመልከቻ ጋር መቀበልም አቆምን፤ ብዙዎቹ ላይ ብሔር ተጽፎ ነበርና በቅጹ በር ያስወጣነው በመታወቂያው መስኮት ይገባ ነበር። አሁን መታወቂያ የምንጠይቀው ማለፉ ለተነገረው ሰው ብቻ ነው። ወደ ክሊኒክ የምንጽፈው ደብዳቤ ደግሞ ከድሮ ቅጂ እየተገለበጠ የመጣ ነበርና የእርግዝናና የኤች አይ ቪ ምርመራ ተዘርዝረውበት አገኘሁ። አዋጁ አሠሪው ከሚያስደርገው የጤና ምርመራ ኤች አይ ቪን ለይቶ አውጥቶታል፤ እርግዝናንም አንቀጽ 26 ሥራ ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ከማይሆኑት መካከል በስሙ ይጠራዋል። ሁለቱንም በዚያው ቀን አስወጣኋቸው። የቅሬታ ተቀባዮች ሁለት ሰዎች ሆኑ፤ አንዷ ሴት፣ ሁለቱም የማንም የቅርብ አለቃ ያልሆኑ።

ከዚያ 11 ገጽ ፖሊሲ ጻፍን። የመጣው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ፊርማውንና ማኅተሙን አይቶ ጥሩ ነው ብሎ ሄደ። አንድም የቅጥር ፋይል አልከፈተም። ቢከፍት ኖሮ የሚከተለውን ያየው ነበር።

የስልክ ደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ልንቀጥር ነበር። በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ የወጣው ዓይነ ስውር ነው። ቃለ መጠይቁ ከ50 ይያዛል፦ ሙያ 20፣ ቋንቋ 10፣ «አጠቃላይ ሁኔታ» 20። ሦስቱ ፈታኞች መጀመሪያ ተነጋገሩ፣ ከዚያ ነጥብ ሞሉ። የሦስቱም ቁጥር አንድ ዓይነት ሆነ። አመልካቹ ሦስተኛ ወጣ፤ በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ምክንያት «ለሥራው ምቹ ሆኖ አልተገኘም» የሚል ብቻ ነው። እኔም ፈረምኩበት።

ቅሬታው በጽሑፍ መጣ፤ የጠቀሰውም 1156ን ሳይሆን የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነበር። የሕግ አማካሪያችን «አድልዎ ስለመፈጸሙ ማስረጃ ያምጣ በሉት» አለ። በሌላ ክርክር ልክ ይሆን ነበር። እዚህ ግን የማስረዳት ሸክሙ የከሳሹ አይደለም፤ አድልዎ አለመፈጸሙን የሚያስረዳው አሠሪው ነው። በእጃችን ያለው ማስረጃ ደግሞ ያችው አንድ መስመር ናት። አዋጁን ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት አለማንበቤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፋይሉን ዘርግቼ ስመረምረው «አጠቃላይ ሁኔታ» የሚለው 20 ነጥብ ምን እንደሚለካ ከሦስቱ ፈታኞች አንድም የሚያስረዳ ጠፋ። ከውጤቱ በፊት የተደረገው ንግግር የሰብሳቢውን አስተያየት የሁሉም አድርጎታል፤ ሦስት ፈታኝ አለን እያልን ያለን አንድ ነበር። ከሁሉ የከፋው፣ አመልካቹን «ሥራውን በምን መንገድ ትሠራዋለህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ኮምፒውተር አያይም ብለው ደመደሙ። ተጠይቆ ቢሆን ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብለት ኤንቪዲኤ የሚባል ፕሮግራም እንደሚጠቀም ይነግራቸው ነበር። ፕሮግራሙ በነፃ የሚገኝ ነው።

በሌሎች ፈታኞች ቃለ መጠይቁን ደገምነው፣ አለፈ፣ ተቀጠረ። ሕጉ ተመጣጣኝ ማመቻቸት የሚለው፣ ማለትም አካል ጉዳተኛው ሥራውን መሥራት እንዲችል የሚደረገው ማስተካከያ፣ እኛ ዘንድ አንድ ጆሮ ማዳመጫና የኮምፒውተር ባለሙያችን የሁለት ሳምንት ሥራ ሆነ። ፕሮግራሙ የእኛን መመዝገቢያ ሲያነብ ስም ያልተሰጣቸውን ምልክቶች ሁሉ በእንግሊዝኛ «በተን፣ በተን» (ቁልፍ፣ ቁልፍ) ብቻ እያለ ያልፋቸው ነበር፤ ባለሙያው ለእያንዳንዱ ስም ጻፈለት፣ ያለ ማውስ በኪቦርድ ብቻ እንዲሠራም አደረገው።

አሁን መስፈርቱ ከሥራ መዘርዝሩ ተወስዶ የሚጻፈው አንድም ማመልከቻ ሳይከፈት ነው። 1፣ 3 እና 5 ነጥብ የሚያሰጠው መልስ ምን እንደሆነ ከእያንዳንዱ መስፈርት ጎን ይጻፋል። ስድስት ጥያቄዎች ለሁሉም በአንድ ቅደም ተከተል ይቀርባሉ። ፈታኙ ሳይነጋገር በእስክርቢቶ ይሞላል፤ ከውይይት በኋላ ሐሳቡን ከቀየረ የቀድሞውን በአንድ መስመር ሰርዞ ምክንያቱን ይጽፋል፣ ይፈርማል። ፍሉድ ክልክል ነው። ማመቻቸት የሚያስፈልገው ካለ በጥሪው መልእክት ላይ ሁሉንም እንጠይቃለን፤ መልሱ ወደ እኔ እንጂ ወደ ፈታኞቹ አይሄድም።

ፈታኞቼን ለማስተው በጣም የተቸገርኩት «አገርህ ወዴት ነው?» የሚለውን ነው። ለጨዋታ መክፈቻ ይሉታል፤ መልሱ ግን ብሔር ይናገራል፣ አንዴ ከተሰማ ደግሞ አልሰማሁም ማለት አይቻልም። «ልጅ አለሽ?» የሚለውም እንዲሁ። የሚያሳስባቸው የማታ ተራ ከሆነ «የማታ ተራ መግባት ትችላለህ?» ብለው ወንዱንም ሴቷንም ይጠይቁ። ሴትና ወንድ እኩል ውጤት ካመጡ አንቀጽ 87 ቅድሚያ ለሴቷ ይሰጣል፤ እኩል መሆናቸው የሚታወቀው ግን ነጥቡ በሐቅ ከተሞላ ነው።

ብዙ አማካሪዎች «ምክንያት አትጻፉ፣ ነገ አመልካቹ ማስረጃ አድርጎ ያቀርብባችኋል» ይላሉ። አልስማማም። ያልተጻፈ ምክንያት እኛን ጥሎናል። ሐቀኛ ምክንያት ያለው አሠሪ መጻፍ አያስፈራውም፤ መጻፍ የሚያስፈራው ምክንያት ካለ ደግሞ ያ ሰው ሊወድቅ አይገባውም ነበር። የነጥብ ወረቀቶቹን፣ ያላለፉትን ሰዎች ጭምር፣ ለሦስት ዓመት አስቀምጣለሁ።

እርግዝናን በተመለከተ ሰው የሚሳሳተው የወሊድ ፈቃዱ ላይ አይደለም፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የሚሳሳተው ውል ላይ ነው። በባሕርዩ ቋሚ የሆነን ሥራ በስድስት ወር ውል እያሠሩ፣ እርግዝናዋ ሲታወቅ «ውሉ አብቅቷል» ማለት ማሰናበት ነው። እኛ ዘንድ አራት እንዲህ ያሉ ውሎች አገኘሁ፤ አራቱም ወደ ቋሚ ተዛወሩ።

ለደመወዝ አንድ ሰንጠረዥ በቃን፦ የሥራ ደረጃ፣ ጾታ፣ የቅጥር ቀን፣ ደመወዝ፣ የልዩነቱ ምክንያት። የመጨረሻው ዓምድ ባዶ የቀረበት ረድፍ ሁሉ ይስተካከላል። «ሲቀጠር ተደራድሮ ነው» የሚለውን እንደ ምክንያት አልቀበልም፤ ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የተሰጠ የሴት ሠራተኞች መብት ነው።

ያልጨረስኩት የደረጃ ዕድገትን ነው። እዚያ ዛሬም የክፍል ኃላፊው ቃል ከወረቀቱ ይበልጣል፤ ያንኑ የነጥብ ወረቀት በዚህ ዓመት ወደ ዕድገት ኮሚቴው እያስገባሁ ነው።