ምቱ ሲያርፍ አትቁረጡብን

ከፍልሚያ የቪዲዮ ጨዋታዎች ስለተሠሩ ፊልሞች ክርክር በተነሣ ቁጥር ነገሩ የሚጀምረው ከልብስ ነው። የሞርታል ኮምባቱ ሰብ ዚሮ ጭንብል ልክ ነው ወይስ አይደለም? የስትሪት ፋይተሩ ጋይል ጸጉር እንደ ጨዋታው ለምን ሽቅብ አልቆመም? ልብሱ ሲያልቅ የታሪኩ ተራ ይመጣል፤ ማን የማን ወንድም ነበር፣ ማን ማንን ገደለ፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ ያለ ቦታው ገባ። በዚህ ክርክር ታናሽ ወንድሜን የሚረታው የለም፤ የእያንዳንዱን ተፋላሚ የዘር ሐረግ በቃሉ ይወጣዋል።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች ሲፋለሙ ፊታቸው ተሸፍኖ እጅና እግራቸውን ብቻ ባይ ማን ማን እንደሆነ እለያለሁ ወይ?

ይህን መለኪያ የያዝሁት ጨዋታዎቹ ራሳቸው ሰውን የሚያስተዋውቁን በዚሁ መንገድ ስለሆነ ነው። የጃፓኑ ጨዋታ ሠሪ ካፕኮም ስትሪት ፋይተር ሁለትን እ.ኤ.አ. በ1991 ሲያወጣ በውስጡ ብዙ የተጻፈ ታሪክ አልነበረም። ያሸነፈ ሰው መጨረሻ ላይ ጥቂት ሥዕል አይቶ ጥቂት መስመር ያነብባል፣ በቃ። ዛንጊፍን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ምት እየተቀበለ ወደ ፊት የሚገፋ፣ አንዴ ከጨበጠ የማይለቅ ሰው ነው። ዳልሲም ክንዱን ዘርግቶ ከሩቅ ይመታል፤ ማንም እንዲጠጋው አይፈልግም። ጋይል ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል፤ ትዕግሥቱ ያለቀ ተጋጣሚ ሲዘልልበት በአየር ላይ ይቀበለዋል። ይህ ጠባይ ነው፤ ጠባይ ደግሞ የታሪክ ግማሹ ነው። «ጨዋታው ታሪክ ስለሌለው ከራሳችን ፈጠርን» የሚሉ ፊልም ሠሪዎች በሰማሁ ቁጥር የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ታሪኩ ፊታቸው ተቀምጦ ሌላ ቦታ ሲፈልጉ ይውላሉ።

ጨዋታዎቹ አንድ ትልቅ ብልሃትም አላቸው። ምስሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ እየታደሰ ይሮጣል፤ ከባድ ምት ሲያርፍ ግን መቺውም ተመቺውም ለቅጽበት ደርቀው ይቆማሉ። ዓይን ብዙ ጊዜ አያስተውለውም፤ መቆጣጠሪያውን የያዘ እጅ ግን ያውቀዋል። የምቱ ክብደት የሚመጣው ከዚያች ቅጽበት ነው። እይታውም ከጎን ስለሆነ ሁለቱም ተፋላሚዎች ከራስ ጸጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ይታያሉ። ማን ሊመታ ተነሣ፣ ማን ዘገየ፣ በመካከላቸው ስንት እርምጃ አለ፣ አንዱም አይሰወርም።

አሁን መጥፎ የፍልሚያ ፊልም የሚያደርገውን ተመልከቱ። ቡጢው ይነሣል፣ ሊያርፍ ሲል ምስሉ ይቆረጣል፣ ቀጥሎ የምናየው የተመታውን ሰው ፊት ነው፤ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ ጣሪያ፣ ከዚያ የሚረግፍ መስታወት። ጨዋታው ጊዜን የሚያቆምበት ቦታ ላይ ፊልሙ ዓይናችንን ይነጥቀናል። በ2010 የወጣው የቴከን ፊልም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ኤዲ ጎርዶ የተባለውን ተፋላሚ እንዲሠራ የተመረጠው ላቲፍ ክራውደር ካፖኤራ የሚባለው የብራዚል የፍልሚያ ጥበብ እውነተኛ ባለሙያ ነው። ይኸው ሰው ቶም ዩም ጉንግ በተባለው የታይላንድ ፊልም ውስጥ ውኃ በተኛበት ቤተ መቅደስ ከቶኒ ጃ ጋር ሲፋለም ያየ ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ያውቃል። በቴከን የተሰጠው ቦታ ግን ጥቂት ነው። የቴከንን ጨዋታ ለዓመታት የመራው ካትሱሂሮ ሃራዳ ራሱ ፊልሙን እንዳልወደደው በግልጽ ተናግሯል፤ አልፈርድበትም። በዚያው ዓመት ስለወጣው የኪንግ ኦፍ ፋይተርስ ፊልም የምለው የለኝም፤ ማይ ሺራኑይንና ሩጋልን በስማቸው ብቻ ነው ያወቅኋቸው።

እ.ኤ.አ. በ1995 ፖል አንደርሰን የሠራው ሞርታል ኮምባት ይህን ሁሉ የተረዳ ፊልም ነው። ብዙዎች የሚወቅሱት ደም ስለሌለው ነው። ወቀሳው ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ በ1993 ጨዋታው የአሜሪካን ምክር ቤት ሳይቀር ያነጋገረው በደሙ ነበር፤ ፊልሙ ግን ታዳጊዎችም እንዲያዩት ተብሎ ለዘብ ብሎ ተሠራ። ነገር ግን የጨዋታው ሰቅጣጭ ግድያ የሚመጣው ፍልሚያው ካለቀ በኋላ ነው፤ እኔ የመጣሁት ለፍልሚያው ነው። ፊልሙ ሰዎቹን በመርከብ ጭኖ ወደ ደሴቱ ይወስዳል፣ ውድድሩን ይከፍታል፣ አንድ በአንድ ያጋጥማቸዋል። ይህ ቀላል የሚመስል ሥርዓት ትልቅ ነገር ይሠራል፤ የሚቀጥለው ተጋጣሚ ማን እንደሆነ እየጠበቅን እንቀመጣለን፣ እያንዳንዱ ሰውም ብቻውን የሚታይበት ጊዜ ያገኛል።

በተለይ የፊልሙ ዋና ጀግና ሊዩ ካንግ ከሬፕታይል ጋር የሚያደርገው ፍልሚያ አለ። ፊልሙ ለሙከራ ሲታይ ተመልካቾች ተጨማሪ ድብድብ ስለፈለጉ በኋላ ተቀርጸው ከገቡት አንዱ ነው፤ ያቀናበረውም ሊዩ ካንግን የሚሠራው ሮቢን ሹ ራሱ ነው። ሹ ቀደም ሲል በሆንግ ኮንግ የድብድብ ፊልሞች ውስጥ የሠራ ሰው ነው፤ ተጋጣሚው ኪት ኩክም እውነተኛ የማርሻል አርት ሰው ነው። ካሜራው ወደ ኋላ ይላል። ሁለቱም በሙሉ ቁመናቸው ይታያሉ፣ እርግጫው ሲነሣም ሲያርፍም እናያለን፣ የወደቀው ሲነሣ እንጠብቀዋለን። ሊዩ ካንግ በአየር ላይ እግሮቹን እያፈራረቀ ሲረግጥ ጨዋታውን የተጫወተ ሁሉ ከወንበሩ ይነሣል፤ ያልተጫወተውም ቢሆን የሆነ ነገር እንደተጠናቀቀ ይገባዋል። ከፊልሙ ያለ ምንም ማመንታት ደጋግሜ የማየው ይህን ነው።

ካሪ ሂሮዩኪ ታጋዋ የሠራው ክፉው ጠንቋይ ሻንግ ሱንግ ደግሞ ከፊልሙ ተመልሶ ወደ ጨዋታው ገብቷል፤ በ2019 የወጣው ሞርታል ኮምባት 11 የታጋዋን ፊትና ድምፅ ለገጸ ባሕርዩ ሰጠው። ጨዋታው ከፊልሙ መልሶ መዋሱ ለአንድ ተዋናይ ሥራ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይገኛል?

የ1997ቱ ተከታይ ይህን ሁሉ አፈረሰው። ከዋና ተዋናዮቹ ሮቢን ሹና ታሊሳ ሶቶ ብቻ ቀሩ፤ ከጀግኖቹ አንዱ ጆኒ ኬጅ ገና ከመጀመሪያው ተገደለ፤ ከዚያ በኋላ ተፋላሚዎች ስማቸውን ተናግረው ጥቂት ተራግጠው ይሄዳሉ።

ወንድሜ ይህን መለኪያዬን አይቀበለውም። «እህቴ፣ አንቺ የምትፈልጊው ልምምድ ማየት ነው እንጂ ፊልም አይደለም» ይለኛል። «ሰውየው ማን እንደሆነ ሳላውቅ ቢመታ ቢመታ ምን ይገደኛል?» ማስረጃ አድርጎ የሚያመጣውም የ1994ቱን ስትሪት ፋይተር ነው፤ እውነትም ጠንካራ ማስረጃ ነው። ስቲቨን ደ ሱዛ በጻፈውና ባዘጋጀው በዚያ ፊልም ውድድር የሚባል ነገር የለም። ጋይል የሠራዊት አዛዥ ሆኖ መሃሉን ይዟል፣ ሪዩና ኬን አጭበርባሪ ነጋዴዎች ሆነዋል፣ ድብድቡም ከተኩስና ከፍንዳታ መሃል ተፈልጎ የሚገኝ ነው። ጋይልን የሠራው ዣን ክሎድ ቫን ዳም መሆኑ ደግሞ ይገርመኛል፤ የሞርታል ኮምባት ፈጣሪዎች መጀመሪያ ጨዋታቸውን ሊሠሩ ያሰቡት በእርሱ ላይ ነበር፤ ሳይሆን ሲቀር ጆኒ ኬጅን ፈጠሩ፤ እርሱ ግን ለተፎካካሪው ጨዋታ ፊልም ሠራ። ጆኒ ኬጅ ሆኖ ወደ ሞርታል ኮምባት የገባው በ2023 ነው።

ያም ሆኖ በዚያ ፊልም ውስጥ ራውል ጁሊያ አለ። የፊልሙን ክፉ ሰው ጄኔራል ባይሰንን ሲሠራ በጠና ታምሞ ነበር፤ ሥራውን የተቀበለው ልጆቹ ጨዋታውን ስለሚወዱ ነው፤ በጥቅምት 1994 አረፈ፣ ፊልሙ በታኅሣሥ ወጣ፣ መታሰቢያነቱም ለእርሱ ሆነ። ቹን ሊ አባቷን እንዴት እንደገደለባት ስትነግረው የሚመልስላት መልስ አለ፤ ለአንቺ ያ ቀን በሕይወትሽ ከሁሉ የሚበልጥ ቀን ነበር፣ ለእኔ ግን ማክሰኞ ነበር ይላታል። ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም። ወንድሜ «ይኸው፣ ቡጢ የለበትም፣ ባይሰንን ግን አወቅሽው» ይለኛል። አዎን፣ አወቅሁት። በጨዋታውም ባይሰን ክንዱን አጣምሮ ተቃራኒውን ከቁብ የማይቆጥር ሰው ነው፤ ጁሊያ ያንን ንቀት አግኝቶታል። ግን ታላቅ ተዋናይ ፊልምን ሲሸከም አንድ ነገር ነው፣ ፊልሙ ራሱን ችሎ ሲቆም ሌላ ነገር ነው። ጁሊያ ከምስሉ ሲወጣ የሚቀረው ምንድን ነው?

ለወንድሜ የማቀርበው መልስ የ2021ዱ ሞርታል ኮምባት መክፈቻ ነው። ዘመኑ 1617፣ አገሩ ጃፓን ነው። በኋላ ስኮርፒዮን የሚሆነው ሃንዞ ሃሳሺ ውኃ ሊቀዳ ሄዶ ሲመለስ ሚስቱና ልጁ በበረዶ ደርቀው ያገኛቸዋል። አጠገባቸው ሚስቱ አትክልት ስትተክልበት የነበረች ሹል ብረት ወድቃለች። ያነሣታል፣ መያዣዋ ላይ ገመድ ያስራል፣ ገመዱን እያዞረ በገዳዮቹ ላይ ይወረውራታል፣ ወግቶ ይስባል፣ እንደገና ይወረውራል። ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው የስኮርፒዮን መሣሪያ ከየት እንደመጣ በዓይኑ እያየ ነው፤ ምንም የማያውቀውም ሰው የሚያየው ባል የሚስቱን እቃ ይዞ ሲዋጋ ነው። አንድም ሰው ቆሞ አላስረዳም። የሰውየው ማንነት፣ ሐዘኑም፣ ቁጣውም በዚያች ገመድ ላይ ነው። ሃንዞን የሚሠራው ሂሮዩኪ ሳናዳ ያኔ ስድሳ ዓመት ገደማ ነበር፤ በተቃራኒው በረዶ የሚቆጣጠረውን ሰብ ዚሮን ሆኖ የቆመው ጆ ታስሊም ደግሞ የኢንዶኔዥያ ብሔራዊ የጁዶ ቡድን አባል የነበረ ሰው ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ የሁለቱም ሰውነት የሚናገረው አለው።

ከዚያ በኋላ ፊልሙ በጨዋታው ውስጥ የሌለ ኮል ያንግ የሚባል ሰው ያመጣና ያንን ሁሉ ጥሎ ይሄዳል። ኮል ኃይሉን የሚያገኘው በዘሩና በተወለደበት ምልክት ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ከሰውነቱ ጥሩር ይወጣል። በእነዚህ ጨዋታዎች ላይ ዕድሜውን ያሳለፈ ሰው ይህን እንዴት ይቀበላል? አንዲት ተከታታይ ምት ከእጅ ጋር እስክትዋሐድ ድረስ ስንት ጊዜ ትበላሻለች! የምንወዳቸው ተፋላሚዎች በልፋት የመጡ ሰዎች ናቸው። ስሙ የውድድሩ ስም የሆነ ፊልም ውድድሩንም ሳያሳየን ማለቁ ሌላው ቅሬታዬ ነው። መጨረሻ ላይ ስኮርፒዮንና ሰብ ዚሮ ሲገናኙ ፊልሙ እንደገና ነፍስ ይዘራል፤ ሰብ ዚሮ የተጋጣሚውን ደም በአየር ላይ አቀዝቅዞ ጩቤ ሲያደርገው አንድም ቃል ሳይናገር ሙሉ ጠባዩን ያሳየናል። ኮል መሃላቸው ባይገባ ኖሮ እንዴት ያለ ትዕይንት ይሆን ነበር።

«ሥዕል ብቻ ነው የሚችለው» የሚሉ ወዳጆች አሉን፤ የሚያቀርቡትም የ1994ቱን የጃፓን የስትሪት ፋይተር አኒሜሽን ነው። ቹን ሊ በመኖሪያ ክፍሏ ውስጥ ጥፍር ካጠለቀው ቬጋ ጋር የምታደርገው ትግል ከሁሉም ፊልሞች ጋር ቢወዳደር የሚያፍር አይደለም። እያንዳንዱ ቁስል ከየት እንደመጣ እናውቃለን፤ አሸንፋም መቆም ሲያቅታት እናያለን። ነገር ግን ትዕይንቱን ያበረታው ሥዕል መሆኑ ብቻ አይመስለኝም። ፍልሚያዎቹን እንዲያቀናብሩ ኬ ዋን የተባለው የኪክቦክሲንግ ውድድር መሥራች ካዙዮሺ ኢሺና ተፋላሚው አንዲ ሁግ ተጠርተው ነበር። ሥዕሉን የሣሉት ሰዎች እውነተኛ ምት ምን እንደሚመስል ከሚያውቅ ሰው ጠየቁ ማለት ነው፤ ሥጋ ለባሽ ተዋንያን የያዘ ፊልምም ይህን ማድረግ ይችላል።

እንደሚችል ያሳየው ጆይ አንሳህ ነው። በ2014 በኢንተርኔት በተከታታይ ክፍሎች የወጣው የስትሪት ፋይተር ሥራው አሳሲንስ ፊስት ከትልልቆቹ ፊልሞች ጋር በገንዘብ የሚወዳደር አልነበረም። ማይክ ሞህ ሪዩን፣ ክርስቲያን ሃዋርድ ኬንን ሆነው ይሠራሉ፤ አንሳህ ራሱ አኩማን ይሠራል። ሁለቱ ወጣቶች ከመምህራቸው ከጎከን ዘንድ ይማራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይደግማሉ። ሃዶከን የሚባለው የኃይል ኳስ ከመዳፍ የሚወጣው ብዙ ከተደከመበት በኋላ ነው። ኬን ይቸኩላል፣ ሪዩ ይቆጥባል፤ ይህ ልዩነት በንግግራቸው ሳይሆን በአቋቋማቸው ይታያል። ጨዋታውን ነክቶ የማያውቅ ሰው አንድ ነገር ብቻ አሳዪ ብባል የማሳየው ይህን ነው። ወንድሜ «ረጅም ነው፣ የ2021ዱ መክፈቻ ይበቃል» ይላል። እኔ ደግሞ ከዚያ መክፈቻ በኋላ ሰውየው ፊልሙን እስከ መጨረሻው ልይ ቢል ማን ይመልሰዋል እላለሁ። በዚህም እስካሁን አልተስማማንም።