ዲግሪዬን በርቀት ስማር መጀመሪያ የጠየቅኩት ወረቀት

ዲግሪዬን የያዝኩት ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በርቀት። አካውንቲንግ። የምሠራው ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ስለሆነ ሥራ ለቅቆ ግቢ ገብቶ መማር የሚታሰብ አልነበረም። ልጆች አሉ፣ የቤት ኪራይ አለ። ዩኒቨርሲቲው በዞናችን ከተማ የርቀት ትምህርት ማዕከል ስለነበረው ቅዳሜና እሁድ እየተመላለስኩ ጨረስኩ። አሁን የመሥሪያ ቤት ልጆች ሲመዘገቡ መጥተው ይጠይቁኛል፤ ለእነሱ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው።

የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ ስለ ክፍያውና ስለ ትምህርቱ ክብደት ነው። እኔ ግን ከሌላ ቦታ ነው የምጀምረው። የዩኒቨርሲቲው ስም ትልቅ ስለሆነ ብቻ እናንተ የምትማሩበት ማዕከል ሕጋዊ ነው ማለት አይደለም። ትምህርቱ የት ከተማ ይሰጣል፣ በመደበኛ ነው በማታ ነው ወይስ በርቀት፣ በየትኛው ደረጃ ነው፤ ይሄ ሁሉ ለየብቻው መታየት አለበት።

በግል ኮሌጆች በኩል ይሄን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለየካምፓሱ፣ ለየትምህርት መስኩና ለየአሰጣጡ ነው። አዳማ ላይ አካውንቲንግ በመደበኛ እንዲያስተምር የተፈቀደለት ኮሌጅ ያንኑ ትምህርት ሻሸመኔ ላይ ወይም በርቀት ልስጥ ካለ ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወላጅም ተማሪም «ፈቃድ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ለምዷል። ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ግን ማንም አይጠይቅም። የመንግሥት ነዋ!

ነገሩ ከሕጉም የመጣ ነው። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 351 የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ሲቋቋም፣ ከዚያም በ2001 አዋጅ ቁጥር 650 ሲወጣ፣ የዕውቅና ፈቃድ የማውጣት ግዴታው በተግባር የወደቀው የግል ተቋማት ላይ ነበር። የመንግሥቶቹ በራሳቸው ሴኔት፣ ማለትም በዩኒቨርሲቲው የአካዳሚክ ጉዳይ ወሳኝ ጉባኤ እያጸደቁ ፕሮግራም ይከፍቱ ነበር። ኤጀንሲው የጥራት ኦዲት ያደርግባቸው ነበር፣ እውነት ነው። ኦዲት ግን ሌላ ነው፣ አንድ ወረዳ ከተማ ውስጥ በኪራይ ክፍል የተከፈተ ማዕከል ከመጀመሩ በፊት ሄዶ ማየት ሌላ ነው። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1152 መጣ፣ በ2014 ደግሞ ኤጀንሲው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሆነ። ባለሥልጣኑ የግሉንም የመንግሥቱንም የመቆጣጠር ኃላፊነት አለበት። ይሄ በጣም ደስ ያሰኘኝ ለውጥ ነው። ሥራው እኛ ጋ፣ ከግቢ ውጭ ያሉት ማዕከላት ድረስ እስኪወርድ ግን ተማሪው ራሱ መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

እንድጠይቅ ያደረገኝ መሥሪያ ቤታችን ያለ አንድ ታላቅ ባልደረባዬ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። በነሐሴ 2002 ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርት እንዲቆም ሲያዝ እሱ በርቀት እየተማረ ነበር። የግል ተቋማትም ሕግና መምህርነት እንዳያስተምሩ የተባለው ያኔ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የርቀቱ እገዳ ተነሳ። በመሐል ግን ሞጁሉን ይዞ፣ ብሩን ከፍሎ፣ ምን እንደሚሆን ሳያውቅ የተቀመጠ ሰው ብዙ ነበር። ጋሼ «ማኅተም ያለው ደብዳቤ በእጅህ ሳይገባ አንድ ብር እንዳታወጣ» አለኝ። እንደዚያው አደረግኩ።

ማዕከሉ የሚሠራው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍሎች ውስጥ ነበር። አስተባባሪው ጥሩ ሰው ነው። ሴኔቱ ይሄን ፕሮግራም በርቀት እንዲሰጥ ያጸደቀበትን፣ ይሄ ከተማ በማዕከልነት የታወቀበትን ደብዳቤ አሳየኝ ስለው ገረመው። «የመንግሥት ነው እኮ፣ ምን ያሰጋሃል?» አለኝ። በእጁ የለም። እኔም ለዋናው ግቢ ሬጅስትራር ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ለርቀት ትምህርት ክፍሉ ግልባጭ አደረግኩ፣ በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጌ ቁጥሩን ያዝኩ። ይቺ ቁጥር ቀላል አይደለችም። «ደብዳቤህ አልደረሰንም» ሲሉኝ ቁጥሩን ነገርኳቸው፣ ተፈልጎ ተገኘ።

መልሱ ሲመጣ አጭር ነበር። የትምህርት መስኩ ስም፣ የተሰጠው በርቀት መሆኑ፣ የማዕከሉ ከተማ፣ የሴኔቱ ውሳኔ ቀን። ማኅተምና ፊርማ። የምፈልገው ይሄን ነበር፣ ከዚህ ሌላ ምንም አልጠየቅኩም። ኮፒውን ለአስተባባሪውም ሰጠሁት፣ በጣም ደስ አለው፤ ከዚያ በኋላ ለመመዝገብ የሚመጣውን ሁሉ እያሳየ ነበር የሚያስረዳው።

ክፍያ ላይ ሙያዬ ረዳኝ። በዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ቁጥር ባንክ አስገባለሁ፣ ከዚያ ሞዴል 64 የሚባለውን የመንግሥት ገቢ መቀበያ ደረሰኝ አስቆርጣለሁ። በግለሰብ ሒሳብ የሚጠየቅ ክፍያ ካለ አትክፈሉ፣ «በኋላ እናወራርዳለን» ቢባልም። የባንክ ስሊፕ ቀለሙ ስለሚጠፋ ፎቶ አንስቼ ኮፒ አስደርጌ ነው የማስቀምጠው።

ትምህርቱ ራሱ? ሞጁል ዘግይቶ ይመጣል። ቱቶሪያል፣ ማለትም ከመምህሩ ጋር ፊት ለፊት የምንማረው፣ በሁለት ቅዳሜና እሁድ ይጨናነቃል፤ መምህሩ ከሩቅ መጥቶ የሴሚስተር ትምህርት በአራት ቀን ይጨርሳል። አሳይመንት ታስረክባላችሁ፣ ከወራት በኋላ ግሬድ አልገባም ይባላል። የእያንዳንዱን አሳይመንት ኮፒና ያስረከብኩበትን ፊርማ ስለያዝኩ ሳይገባ የቀረው ግሬድ ሁሉ ተስተካክሎልኛል። ያልያዙ ጓደኞቼ ኮርሱን እንደገና የወሰዱ አሉ፣ ጥፋቱ የእነሱ ሳይሆን። ይሄ ያናድደኛል። ግቢ ውስጥ ያለ ተማሪ መምህሩን ቢሮው ሄዶ ያገኘዋል። እኛ የምናገኘው አስተባባሪውን ነው፣ አስተባባሪው ደግሞ ግሬድ የማስገባት ሥልጣን የለውም።

ከባዱ ነገር የመጣው ከግማሽ በላይ ከሄድን በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲው ማዕከሎቹን ሲከልስ የእኛን ከተማ ዘጋው። መስፈርት አያሟላም ተባለ፤ ላይብረሪ የለውም፣ የኮምፒውተር ክፍል የለውም። የተባለው ሐሰት አልነበረም፣ እኛም ስናማርርበት የኖርነው ነው። የተመዘገብነው ግን ምን እንሁን? እዚያች ደብዳቤ ላይ የትምህርት መስኩም ከተማውም በግልጽ ተጽፎ ስለነበር የእኛ ክፍል ተማሪዎች ተሰብስበን፣ ተወካይ መርጠን፣ ደብዳቤውን አያይዘን ለአካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ቢሮ አመለከትን። የወሰድነው ኮርስ ሁሉ እንዳለ ተይዞ ወደ ሌላ ማዕከል ተዛወርን። መንገዱ ረዘመ፣ አዳር ተጨመረ፣ ወጪው ከበደ። ግን ቀጠልን። እዚያው ማዕከል በሌላ የትምህርት መስክ የተመዘገቡት እንዲህ ያለ ወረቀት በእጃቸው ስላልነበረ ጉዳያቸው እስኪጣራ ከእኛ በጣም ዘግይተው ነው የቀጠሉት።

ስለዚህ ደብዳቤውን ገና ሳይቸግራችሁ አውጡ። ማዕከሉ ከተዘጋ በኋላ ያንን ወረቀት የሚጽፍላችሁ አታገኙም።

ከዚያ የመውጫ ፈተና መጣ። በ2015 ሲጀመር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ይፈተናል ተባለ፤ የመንግሥት፣ የግል፣ መደበኛ፣ ርቀት። ፈተናው አንድ ነው፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፣ ያላለፈ ዲግሪ አያገኝም። እኛ ክፍል ድንጋጤ ነበር። ስም ዝርዝር ሲላክ ወደ ዲግሪ የገባንበት ማስረጃም ታየ። ከቴክኒክና ሙያ በደረጃ አራት የገባ የብቃት ማረጋገጫውን፣ ሲኦሲውን ማቅረብ አለበት። የእኔ ስለነበረ አለፍኩ፤ እዚያ ላይ ስማቸው የተያዘባቸው አሉ።

ለፈተናው ያጠናሁት በሞጁሉ ብቻ አይደለም። ሞጁሉ አሮጌ ነው። ግቢ ከሚማሩ የሠፈር ልጆች የመምህራኑን ሃንድአውትና ያለፉ ጥያቄዎች ወሰድኩ፣ በቴሌግራም ግሩፕ እየተጠያየቅን ሠራን። ኦዲቲንግና ኮስት አካውንቲንግ ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋሁ። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነ ኮምፒውተር ነክተው ለማያውቁት ሁለት የክፍላችን ልጆች መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሥራ ሰዓት በኋላ ማውዝ አያያዝ አለማመድን። አስቡት፣ የአካውንቲንግ ተማሪዎች ናቸው፣ ለዓመታት ከፍለው ተምረዋል፣ ማዕከሉ አንድ ኮምፒውተር አላሳያቸውም።

እኔ አለፍኩ። ከክፍላችን ያላለፉ አሉ፣ ሰነፎች አይደሉም። እና የማምንበትን ልናገር። የመውጫ ፈተናው ትክክል ነው፣ እደግፈዋለሁ። ዲግሪዬን «የርቀት ነው» ብሎ ዝቅ አድርጎ የሚያይ አለቃ ፊት ከመደበኛ ተማሪ ጋር በአንድ ፈተና መቀመጤን እናገራለሁ። ግን መንግሥት መውጫው በር ላይ ብቻ ቆሞ ከተቆጣጠረ ዕዳውን የሚከፍለው ተማሪው ነው። ቱቶሪያሉን በአራት ቀን የጨረሰው፣ ላይብረሪ ሳይኖረው ተማሪ የመዘገበው፣ ክፍያውን የተቀበለው ተቋም ምንም አይሆንም። ፈተና የወደቀው ግን አምስት ዓመቱንና ገንዘቡን ያጣል። ቁጥጥሩ ማዕከሉ ሲከፈት መጀመር አለበት። ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያላቸውን የግል ተቋማት ከነካምፓሳቸው ለሕዝብ እንደሚያሳውቀው ሁሉ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ከግቢ ውጭ የሚያስተምሩበት ቦታ በከተማ ስምና በትምህርት መስክ ተዘርዝሮ ቢወጣ የእኔ ዓይነት ሰው መዝገብ ቤት ለመዝገብ ቤት አይንከራተትም።

ከምረቃ በኋላም ጥቂት ሥራ አለ። ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ) እና ስቱደንት ኮፒ (የውጤት ማስረጃ) ስትቀበሉ የስማችሁን ፊደል ከ10ኛና ከ12ኛ ክፍል ማስረጃችሁ ጋር አስተያዩ፤ አንዲት ፊደል ብትለይ እዚያው አስተካክሉ፣ በኋላ ፍርድ ቤት ድረስ የሚያስኬድ ነው። መሥሪያ ቤቶች አሁን ሐሰተኛ ማስረጃ ስለሚያጣሩ የሰው ሀብት ክፍል ለዩኒቨርሲቲው ይጽፋል። የተዘጋ ማዕከል ተማሪ ፋይል ወደ ዋናው ሬጅስትራር መዛወሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ። እኔ ክሊራንስ ስጨርስ ፋይሌን በዓይኔ አይቼ፣ ያለበትን የመደርደሪያ ቁጥር ጽፌ ነው የወጣሁት። የማጣራት ደብዳቤው ሲሄድ ያንን ቁጥርና የተማሪ መለያ ቁጥሬን አብሬ ሰጠሁ፣ መልሱ ሳይዘገይ መጣ፣ የደረጃ ዕድገቴም በዚያው ጸደቀ።