ድሪቶ ነው ምሰራው

መጀመሪያ ጊዜ እማዬ በቪዲዮ ደውላ «ምን እየሰራሽ ነው?» ስትለኝ ስልኩን አዞርኩና ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን አሳየኋት። ትንሽ ዝም አለች። ከዛ «አንቺ ልጅ፣ አሜሪካ ድረስ ሄደሽ ድሪቶ ትሰፊያለሽ?» አለችኝ። ሳቄን መያዝ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ልክ ናት። ፈረንጆቹ ኩዊልት ይሉታል፣ ሙዚየም ውስጥ ይሰቅሉታል፣ እኛ ጋ ግን እራፊ በእራፊ የተጣፈ ጨርቅ ስሙ ያው ነው እሱም ስድብ ነው። ጽሁፍ እንኳን ከዚህም ከዚያም ከተለቃቀመ «ድሪቶ» ነው ሚባለው (ይሄኛውም ሳይሆን አይቀርም)።

ነገሩ የጀመረኝ ደሴ ነው፣ ልጅ ሆኜ። ሰፈራችን በረንዳ ላይ በእግር ሚረገጥ ሲንጀር ይዘው ሚሰፉ ሰውዬ ነበሩ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እግራቸው ስር የወደቀውን ብጣሽ ጨርቅ ለአሻንጉሊት ልብስ እንሻማ ነበር፣ ሌሎቹ ከፍ ሲሉ ተዉት እኔ ግን ማጠራቀሙን አልተውኩትም፣ ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ከዛ ሁሉ ብጣሽ በእጄ የደብተር ቦርሳ ሰፋሁ። ቀይ አበባ ያለበት፣ የዩኒፎርም ሰማያዊ፣ አቡጀዲ፣ የሆነ የሰርግ ቀሚስ ትራፊ ሚያብለጨልጭ። እንዴት እንደኮራሁበት! አንድ ቀን ብቻ ነው ይዤው የሄድኩት። እስከ ሚኒስትሪ ፈተና ድረስ ስሜ ድሪቶ ሆኖ ቀረ።

ከዛማ እንደማንኛዋም የሰፈር ልጅ ወደ ኪሮሽ ዞርኩ። ቲቪውን አለበስኩ፣ ሶፋውን አለበስኩ፣ ሬዲዮኑን አለበስኩ። ዳንቴል አያሰድብማ።

እማዬ ደግሞ ትፈትል ነበር። ጥጡን ትዳምጣለች፣ በደጋን ትነድፋለች፣ አመልማሎ አድርጋ ትጠቀልላለች፣ ከዛ እንዝርቷን እያሾረች ማታ ማታ ወሬ ታወራናለች። ድሩን ከሱቅ ነው ምትገዛው፣ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ ግን የራሷ የእጅ ሥራ ነው፣ ጋቢ ለብሳችሁ ሚሞቃችሁና ሚለሰልሳችሁ እኮ ማጉ ነው። ሰው የሀበሻ ቀሚስ ሲያይ ግን ጥበቡን ያደንቃል፣ በጣም ቢያስብ ሸማኔውን ያስታውሳል፣ ፈታይዋን የጠየቀ አይቼ አላውቅም። ሸማኔውንስ ቢሆን ስንት ዘመን ነው ሥራውን ለብሰን እሱን ስንሰድብ የኖርነው፣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ ሚከለክል አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ። ሽሮ ሜዳ በሄድኩ ቁጥር ይሄ ትዝ ይለኛል፣ ቀሚሱን እየነካኩ ዋጋ ስከራከር ትንሽ ያሳፍረኛል (ግን እከራከራለሁ)።

አትላንታ ከመጣሁ በኋላ ነው ኩዊልት ያየሁት። አብራኝ ምትሰራ ጥቁር አሜሪካዊት ሴትዮ የአያቷን አምጥታ አሳየችን፣ ገና ስትዘረጋው ያቺ ቦርሳዬ ትዝ አለችኝ። በጣም ጠያየቅኳት መሰለኝ አንድ ቅዳሜ በሞንትጎመሪና በሰልማ አድርገን ጂስ ቤንድ ይዛኝ ሄደች። አላባማ ውስጥ ወንዝ በሶስት በኩል የከበባት ትንሽዬ መንደር ናት፣ ከነዋሪው ብዙው የድሮው የጥጥ እርሻ ባሪያዎች ዘር ነው፣ ብዙ ሰው የባለእርሻውን ስም ይዞ ፔትዌይ ነው ሚባለው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ላይ ጥቁሮቹ ለምርጫ ልመዝገብ ማለት ሲጀምሩ ወንዙን ወደ ማዶ ሚያሻግራቸው ጀልባ ተቋረጠባቸው፣ 1962 ላይ፣ የተመለሰላቸው 2006 ነው። ፊት ለፊት ለሚታይ ከተማ አንድ ሰዓት ገደማ በመኪና መዞር ማለት ነው። ሴቶቹ ታዲያ ጌጥ ብለው አይደለም የሰፉት፣ ንፋስ በጣውላው መሀል እየገባ ልጆቻቸው በብርድ እንዳያልቁ ነው፣ ባረጀ የሥራ ቱታ፣ በዱቄትና በማዳበሪያ ከረጢት። 1966 ላይ ማህበር አቋቁመው መሸጥ ጀመሩ፣ በኋላ ሲርስ የሚባለው ትልቅ ሱቅ የኮርዶሮይ ትራስ ልብስ ሲያዛቸው ትራፊውን ወደ ቤት ወስደው ያንን ወፍራም ኮርዶሮይ የራሳቸው አደረጉት። 2002 ላይ ሂዩስተን ሙዚየም፣ ከዛ ኒውዮርክ ዊትኒ ተሰቀለ፣ 2006 ላይ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር አወጣበት። ድሪቶ እኮ ነው፣ ቴምብር ላይ!

ከሁሉም ውስጤ የቀረው ግን ሚዙሪ ፔትዌይ ምትባል የዛ መንደር ሴት የሰፋችው ነው። 1942 ላይ ባሏ ሲሞት የሥራ ልብሱን ቆራርጣ ብርድ ልብስ ሰፋች፣ ልጇ ስትናገር እናቴ እሱን እያስታወሰች ልትለብሰው ነው የሰራችው ትላለች። ከቱታው ጉልበት የወጣው ጨርቅ ነጣ ብሏል፣ በሱሪው ላይ ኪስ የነበረበት ቦታ ደግሞ ፀሀይ ስላልነካው ደማቅ ሆኖ ቀርቷል። ሰውየው የለም፣ ኪሱም የለም፣ ቦታው ግን አለ።

አባዬ አስተማሪ ነበረ። ሁለት ካኪ ኮት ነበረው፣ እነሱን እያፈራረቀ ነው የኖረው። ከሶስት ዓመት በፊት ሲያርፍ «ኮቶቹን ለማንም እንዳትሰጪ» አልኳት እማዬን፣ ሰው ሲመጣ ራሷ ከፈተለችው ጋቢ ጋር ላከችልኝ።

አሁን ስለ ሥራው ላውራ፣ ምክንያቱም ሀበሻ ልብስ ለመስፋት ለምታስቡ ጣጣ አለው። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ከተቆረጠ ይተረተራል። ኩዊልት ሰፊዎች ከዳር ሩብ ኢንች ትተው ነው ሚሰፉት፣ እኔም በነጠላ የሰራሁት የመጀመሪያው እንደዛ ነበር፣ አንድ ጊዜ መኪና ውስጥ ታጥቦ ሲወጣ ስፌቱ ሁሉ አፉን ከፍቶ አፈጠጠብኝ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አሁን ግማሽ ኢንች እተዋለሁ፣ ሳልቆርጠው በፊት አጥበዋለሁ (ጋቢ ሲታጠብ እንዴት እንደሚሰበሰብ ታውቃላችሁ)፣ ስስ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው በካውያ ሚለጠፍ ስስ ጨርቅ አደርግለታለሁ።

ኩዊልት ሶስት ድርብ ነው፣ ላይ የተቀጣጠለው፣ መሀል ጥጡ፣ ከስር ገበሩ። መጀመሪያ ጋቢውን መሀል ላስገባው ነበር ሙቀት እንዲሰጥ፣ እንደውም ዘርግቼ ልክ ወስጄ ነበር፣ ከዛ ቆም አልኩ፣ ፈታይዋን ማንም አያስታውሳትም እያልኩ ስነጫነጭ ኖሬ እኔው ማጓን በካኪ መሀል ልደብቀው? ተረትሬ አራቱን እጥፍ ከሁለት ከፈልኩት፣ ግማሹ መሀል ገባ ግማሹ ከነጥለቱ ጀርባው ሆነ። ፊቱ የአባዬ፣ ጀርባው የእማዬ። ካኪውን ከመሀል ጀምሬ ዙሪያውን እየከበብኩ ሄድኩ፣ እዛ መንደር ሀውስቶፕ ሚሉት አሰፋፍ ነው፣ ጣራን ከላይ እንደማየት። ስምንት ወር ፈጀብኝ፣ ከሥራ እየመጣሁ ማታ ማታ፣ ጣቴ በመርፌ ወንፊት ሆኗል።

መሀሉ ላይ ያደረግኩት የደረት ኪሱን ቦታ ነው። አባዬ እስክሪብቶው ሁሌ ይፈስበት ነበር፣ ደማቋ ካኪ ላይ ሰማያዊ ቀለም ጠብ ብሏል።

ባለፈው እሁድ አልቆ አሳየኋት። ስልኩን ቀስ አድርጌ ከዳር እስከ ዳር አዞርኩላት፣ ጀርባውንም ገልብጬ ጥለቱን አሳየኋት፣ ምንም አላለችም። መሀሉ ጋ ስደርስ «ቆይ፣ ቆይ፣ እዛ ጋ ያዥልኝ» አለች። መነፅሯን ፈልጋ መጣች። ፊቷን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ ብዙ ከቆየች በኋላ «ኧረ አንቺ፣» አለች፣ «ይሄን ቀለም ስንት ዓመት ሙሉ በሎሚ ሳሸው የኖርኩትን፣ ልጅቷ መሀል አውጥታ ትሰፋዋለች?»